«ዙር» እና «ድገም»፤ ለመዋዕለ ሕፃናት የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሆኑ ቃላት

የኮምፒዩተር ሳይንስን መሠረታዊ ሐሳቦች ለሕፃናት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ፈርዜግ፣ ፓፐርትና ሶሎሞን እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለልጆች አወጡ። ቈየት ብሎም ትእዛዝ እየተቀበለች ወለል ላይ የምትንቀሳቀስ ሜካኒካዊ «ኤሊ» ታከለችበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ራዲያ ፐርልማን ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ኤሊዋን በአዝራር የሚያዝዙበትን መሣሪያ ሠሩ። በ2014 የወጣው ስክራችጁንየር ደግሞ ትእዛዞቹን ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች በሥዕል ያቀርባል። ሥዕል ትርጉም የማይሻ ይመስላል፤ ነገር ግን መምህርቷ ሥዕሉን የምታስረዳው በቋንቋ ነው።

ትእዛዝን ደጋግሞ ማስፈጸምን ለሚያመለክተው «ሉፕ» ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው ቃል «ዙር» ነው። የዕቁብ ዙር፣ የሩጫ ዙር እንላለንና በስምነቱ ደግ ቃል ነው። ሆኖም ኤሊዋ ባለችበት አቅጣጫ እንድትለውጥ «ወደ ቀኝ ዙር» ስንል ትእዛዝ አንቀጹም ያው «ዙር» ነው። አራት ማዕዘን ለመሣል ኤሊዋ ወደ ፊት መሄድንና 90 ዲግሪ መዞርን 4 ጊዜ መፈጸም አለባት። «4 ዙር» ቢባል ሕፃኑ የሚረዳው መዞርን ነው ወይስ መድገምን? ዐዋቂ ከዐውዱ ይለየዋል፤ የ5 ዓመት ልጅ ግን ዐውዱን ራሱን ገና እየተማረ ነው። ስለዚህ «ዙር» ለአቅጣጫ ብቻ ተለይቶ፣ ሉፕ «ድግግሞሽ»፣ ትእዛዙም «ድገም» ቢባል ይሻላል።

የቃላቱ ሥርዐትም መታሰብ አለበት። በሎጎ የመድገም ትእዛዝ ይቀድማል፤ የሚደገመው ይከተላል። ዐማርኛ ግን ግሡን በመጨረሻ ስለሚያሳርፍ «ወደ ፊት ሂድ፣ ወደ ቀኝ ዙር፤ ይህን 4 ጊዜ ድገም» ማለት ይቀናዋል። ተርጓሚው «4 ጊዜ ድገም» ብሎ ቢጀምር ሕፃኑ «ምኑን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው።

ለአልጎሪዝም የተለመደው «ስልተ ቀመር» ለመዝገበ ቃላት ቢስማማም ለዚህ ክፍል ይከብዳል፤ «ቅደም ተከተል» ይበቃል። ቡና ሳይቈላ እንደማይወቀጥ ልጁ ከቤቱ ያውቃል።

የፕሮግራም ጒድለት በእንግሊዝኛው ድምፅ «በግ» ተብሎ ቢጻፍ ክፍሉ በሳቅ እንደሚሞላ ግልጽ ነው። «ስሕተት» ማለትም አይበጅም፤ ስሕተት የሠሪው ነውና ልጁ የተወቀሰ ይመስለዋል። ፓፐርት በ1980 ባሳተሙት «ማይንድስቶርምስ» ስለ ፕሮግራም መጠየቅ ያለበት ትክክል መሆን አለመሆኑ ሳይሆን መቃናት መቻሉ እንደሆነ አስረድተዋል። ለዚህ «ሳንካ» የተሻለ ነው፤ ሳንካ የመንገዱ እንጂ የመንገደኛው አይደለምና።

አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም፤ እስካሁን ኤሊዋን በሴት ጾታ እየጠራን ትእዛዙን በወንድ ስንጽፍ ቈይተናል። ሕፃን ይህን አይቀበለውም፤ «ሂጂ፣ ዙሪ» ይላታል። በነገራችን ላይ «ዙሪ» ሲባል ከላይ ያነሣነው መምታታት ይጠፋል፤ መጫወቻው ወንድ የሆነ ዕለት ግን ይመለሳል። ስለሆነም በሚታተመው ካርድ ላይ «ወደ ፊት»፣ «ወደ ቀኝ» ብቻ ተጽፎ፣ ግሡን ልጁ እንደ መጫወቻው ጾታ በአፉ ቢጨምር እመርጣለሁ።