«ዊል»፣ «ጎና» እና የባንክ ደብተሩ ወሬ

ይህ ወሬ ሞተ ሲሉት ይነሣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ገንዘብ መቆጠብ የሚያቅታቸው ቋንቋቸው ነገን ከዛሬ ለይተው እንዲናገሩ ስለሚያስገድዳቸው ነው፤ ጀርመኖችና ቻይናውያን ግን ነገንም በዛሬው ግስ ስለሚያወሩት ነገ ቅርብ ሆኖ ይታያቸዋል፣ ስለዚህም ይቆጥባሉ። በሬዲዮ ይነገራል፣ በቴሌግራም ይዞራል፤ መጨረሻው ላይም «ተመራማሪዎች አረጋገጡ» የምትል ማኅተም አትጠፋም።

ከወሬው ጀርባ ያለው ሰው ኪት ቼን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው። በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በ«አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» ባሳተመው ጥናት፣ ለወደፊቱ የተለየ ምልክት የማያስገድዱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የመቆጠብ ዕድላቸው በ31 በመቶ እንደሚበልጥ ጻፈ። ጡረታ ሲወጡም 39 በመቶ የበለጠ ሀብት ይዘው ነው አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያው ቼን ከሾን ሮበርትስና ከጄምስ ዊንተርስ ጋር ሆኖ ስሌቱን በ«ፕሎስ ዋን» እንደገና ሠራው። ችግሩ ቋንቋዎች መዛመዳቸው ነው፤ ስዊድንኛን፣ ኖርዌይኛንና ጀርመንኛን ለየብቻ መቁጠር ሦስት ወንድማማቾችን ሦስት ገለልተኛ ምስክር ናቸው ብሎ ችሎት እንደማቆም ነው። ዝምድናው ከስሌቱ ሲገባ ግንኙነቱ ላላ። ይህን ሁለተኛውን ጽሑፍ በቴሌግራም ያዞረው የለም።

ስታቲስቲክሱን ለባለቤቶቹ ልተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ እንግሊዝኛ ለነገ የተመደበ አንድ የግስ ጊዜ አለው መባሉ ነው። የለውም። ሃድልስተንና ፑለም በ2002 ባወጡት ዳጎስ ያለ የካምብሪጅ ሰዋስው ውስጥ ይህንኑ በግልጽ ብለዋል። (የእኛ የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ጊዜ «ትንቢት» ይሉታል። ስሙ አይጥመኝም፤ «ነገ ልብስ አጥባለሁ» የሚል ሰው ምን ትንቢት ተናገረ? ቢሆንም ኋላ እንደሚታየው ለዚህ ክርክር ሳይታሰብ ይጠቅማል።)

እንግሊዝኛ ያለው ከሌላ ሥራ የተወሰዱ ቃላት ስብስብ ነው። «ዊል» በጥንቱ እንግሊዝኛ መፈለግ ማለት ነበር፤ «ሻል» ዕዳ መኖር። የግዴታ ቃል የሆነው «ኦውት»ም ባለዕዳነትን የሚናገረው «ኦው» የተባለው ግስ ያለፈ ቅርጽ ነው። እኛም «መቶ ብር አለብኝ» እና «መሄድ አለብኝ» የምንለው በአንድ ግስ ነውና ነገሩ ሊደንቀን አይገባም።

ከሁሉም ታሪኩ የሚያምረው ግን «ጎይንግ ቱ» ነው። መነሻው እውነተኛ ጉዞ ነበር። ሰውዬው መንገድ ላይ ሆኖ «ጳጳሱን ልጠይቅ እየሄድኩ ነው» ሲል አድማጩ ሁለት ነገር ይቀበላል፦ እግሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ልቡም ጳጳሱን ሊጠይቅ አስቧል። እግሩን ማንም ስለሚያየው ወሬ የሚሆነው ሐሳቡ ነው። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ሐሳቡ የቃሉ ዋና ትርጉም ይሆንና ጉዞው ሊቀር ይችላል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰውም «ጎይንግ ቱ» ማለት ይጀምራል። በ1646 ጆሹዋ ፑል የተባለ ሰዋስው ጸሐፊ ቃሉን የመጪው ጊዜ ምልክት አድርጎ መዝግቦታል። ቀጥሎ ደግሞ ሐሳቡም ይቀራል። ዝናብ እግርም ሐሳብም የለውም፤ እንግሊዞች ግን ደመናውን እያዩ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን» ይላሉ፣ እኛ «ሊዘንብ ነው» እንደምንለው።

ትርጉሙ ሲሳሳ ድምፁም አጠረ፤ «ጎና» ሆነ። (በፊደላችን «ገና» ብዬ ብጽፈው ከልደት በዓል ጋር ይምታታብኛል።) ሁለቱ ለውጦች አብረው መሄዳቸውን ማንም ሰው በጆሮው ሊፈትነው ይችላል። «አይም ጎና ስሊፕ» ይባላል፤ ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው ግን «አይም ጎና ለንደን» አይልም። እግር ያለበት «ጎይንግ ቱ» አልተጨማደደም። ማጠሩም እዚያ አላበቃም፤ በጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር «አይም ጎና» ሙሉው «አይማ» እስከመሆን ደርሷል።

ታዲያ ተናጋሪው ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው ነገ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ለክቶ አይደለም። ስልክ ሲጮህ «አይል ጌት ኢት» ካለ፣ ለማንሣት የወሰነው አሁን በአፉ ላይ ነው። «ጎና» ካለ አስቀድሞ ወስኗል፣ ወይም ምልክቱን አይቷል። ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ከያዘ «አይም ሲይንግ ዘ ዶክተር ቱሞሮው» ይላል፤ ግሱ የአሁን ነው። የባቡር ሰዓትማ በተራው የአሁን ግስ ይነገራል፤ «ዘ ትሬን ሊቭስ አት ሲክስ»።

ለቼን ፍትሕ ልስጠው። መስፈርቱን የወሰደው ከስዊድናዊው የቋንቋ ምሁር ከኦስተን ዳል ነው፤ የሚመለከተውም እንደ አየር ጠባይ ዘገባ ያለውን፣ በተናጋሪው ፈቃድ ያልሆነውን ትንበያ ብቻ ነው፤ ማለትም እውነተኛውን «ትንቢት»። እዚያ ጀርመኑ «ሞርገን ሬግኔት ኤስ» ብሎ በአሁኑ ግስ ሲያልፍ እንግሊዙ «ዊል» ወይም «ጎና» ማለቱ ግድ ነው። ስለዚህ የባቡሩ ምሳሌ ብቻውን ቼንን አይጥለውም። ግን ቁጠባ የአየር ጠባይ አይደለም፤ ከደሞዙ ሊቆጥብ ያሰበ ሰው የሚናገረው ዕቅድ ነው፣ እንግሊዝኛም ለዕቅድ በሩን ሁሉ ከፍቶለታል። «ዊል»ን የጊዜ ምልክት ነው የሚሉ የሰዋስው ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በረዳት ግስ የሚሠራም ጊዜ ነው ካልን ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ቋንቋ አስተሳሰብን ፈጽሞ አይነካም ማለቴም አይደለም፤ በቀለምና በአቅጣጫ ላይ የተሠሩ ሙከራዎችን አከብራለሁ። ከሰዋስው ተነሥቶ የባንክ ደብተር ላይ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከላይ ከዕዳ ጋር ስላነሣሁት ግዴታም አጭሩን ልንገራችሁ። የቋንቋ ምሁሩ ጄፍሪ ሊች የ1961ንና የ1990ዎቹን መጀመሪያ ጽሑፎች ሲያነጻጽር «መስት» መቀነሱን አገኘ፤ «ኒድ ቱ» ደግሞ በግልጽ ጨምሯል። «መስት» ትእዛዙን የተናጋሪው ያደርገዋል፣ «ሃቭ ቱ» ግን በሕግ ወይም በሥራ ያሳብባል። ሰዎች በሥልጣን መናገር አፍረው ነው የሚለው ማብራሪያ ይጥመኛል፣ የማይቀበሉት ግን ብዙ ናቸው። አሜሪካኖችማ ይባስ ብለው «ዩር ጎና ዎንት ቱ ተርን ሌፍት» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ወደ ግራ መታጠፍ ልትፈልግ ነው»፣ በተግባር «ታጠፍ»።

ዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖች የሚከብደው ይህን የግዴታ ቃል በአሉታ ሲናገሩት ነው። «መምጣት የለብህም» ስንል ብዙውን ጊዜ «አትምጣ» ማለታችን ነው፤ ያ በእንግሊዝኛ «መስንት» ነው። የሥራ ኃላፊው ስለ ቅዳሜ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም» ካለ ግን አልከለከለም፤ ብትቀርም አይጠይቅህም፣ ብትመጣም ትሠራለህ።