ከአልጋ የሚያስነሳ ጉዳይ

በአርማጭሆ፣ ሳንጃ ከተማ አረጋዊ ሲታመም ብቻውን ሆስፒታል አይመጣም። ወባም ይሁን የሳንባ ምች፣ ልጆቹና ጎረቤቶቹ ከአልጋው ሥር አይጠፉም። ያጎርሱታል፣ ያገላብጡታል፤ ቀና ሊል ሲሞክርም «አባቴ፣ ይረፉ እንጂ!» ብለው መልሰው ያስተኙታል። ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። እኔ ግን በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ትኩሳቱ ለቆት እግሩ የከዳውን ሽማግሌ ደጋግሜ አያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አቆይቶ ነበር፤ ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ አጡ። በ2019 ደግሞ ከስፔን ፓምፕሎና ከተማ ሌላ ውጤት ታተመ። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 370 የሆስፒታል ሕሙማን መካከል፣ በቀን ሁለቴ ለ20 ደቂቃ ያህል በባለሙያ እየታገዙ የተንቀሳቀሱት ራሳቸውን የመቻል አቅማቸው ሳይወርድ ከሆስፒታል ወጡ። በተለመደው ሕክምና ብቻ የቆዩት አቅማቸው ቀነሰ።

አሁን በውጭ አገር ሆስፒታሎች የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ለዚሁ ሥራ እየተሞከረ ነው። አረጋዊው ሲያጠልቀው የሕሙማን ክፍሉ ይሰወርና ሜዳ ወይም ወንዝ ዳር ይታየዋል፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እጁን እየዘረጋ ፍሬ ይለቅማል፣ እግሩን እያነሳ ይራመዳል። ጡንቻን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴው ነው፤ መነጽሩ ለመንቀሳቀስ ጉዳይ ይሰጣል። ራሱን ለሚያዞረው፣ የሚጥል በሽታ ላለበትና አእምሮው ለተረበሸ ሕመምተኛ ግን አይሆንም።

ያ መነጽር ሳንጃ ቢደርስ፣ ውስጡም የአርማጭሆ የሰሊጥ አጨዳ ቢታይበት ደስታዬ ነው። እስከዚያ ጉዳዩን የምንሰጠው እኛ ነን። «ተነስተው ይቀመጡ» ስላቸው «ደከመኝ» የሚሉ አባት፣ ማሽላው ዝናብ ያገኝ እንደሆነ ደመናውን አይተው እንዲነግሩኝ ስለምናቸው እስከ መስኮቱ ይራመዳሉ። ስግደት የናፈቃቸው እናትም ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በጸሎት ሰዓታቸው ይለማመዱታል።

ለአስታማሚዎች የምነግራቸው ቀላል ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ የቆላው ሙቀት ሳይበረታ በማለዳ ያስነሷቸው። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ማዞሩ ይለፍላቸው፤ ቀጥሎ በማይንሸራተት ጫማ፣ በሰው ድጋፍ ይቁሙ፤ ከዚያ እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሂዱ። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው አስቀምጠው ነርስ ይጥሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። በየጠዋቱ ሕመምተኛ ስንጎበኝ ሙቀትና የደም ግፊት እንጠይቃለን። «ትናንት ስንት ጊዜ ተነሱ?» የሚለውም አብሮ ይጠየቅ፤ መልሱም ከመድኃኒቱ ጎን በካርዱ ላይ ይጻፍ። በእግሩ የመጣ አረጋዊ በእግሩ ወደ ቤቱ መመለሱ የሕክምናችን አንዱ መለኪያ መሆን አለበት።