ሽንብራ የምታህል ጉርሻ፦ የቤት ውሻን በሽልማት ማሠልጠንና አካሉን ማጠንከር

ውሻን በሽልማት ማሠልጠን ማለት እንስሳው የሚፈለገውን ነገር በሠራበት ቅጽበት የሚወደውን በመስጠት ያንኑ ድርጊት ደጋግሞ እንዲሠራ ማድረግ ሲሆን፣ በሥነ ልቡና ትምህርት ስልቱ «አዎንታዊ ማጠናከሪያ» ይባላል። «አዎንታዊ» የተባለው የሚጨመር ነገር ስላለ፣ «ማጠናከሪያ» የተባለውም የሚጨመረው ነገር ድርጊቱን ስለሚያበረታ ነው እንጂ ውሻውን ማሞላቀቅን ለማመልከት አይደለም። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ ባደረገው ጥናት የስልቱን መሠረት ጥሏል፤ ቢ. ኤፍ. ስኪነርም እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በሰፊው አብራርቶታል። ታማኝነትን ለማስረዳት የሚነገረው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረትም የዚሁን እውነት ፍሬ የያዘ ነው።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ የተለየ ክብደት አለው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸውና «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ስሙን ያገኘው ይህ ሰፈር፣ አጥርና የቆርቆሮ በር ባላቸው ግቢዎች የተሞላ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ግቢ ደግሞ የውሻ ወግ ቀን ታስሮ መዋል፣ ማታ ተፈትቶ መጠበቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከግቢ ወጥቶ ፎቅ ላይ መኖር የጀመረ ቤተሰብ ውሻውን ይዞ ደረጃ መውረድ፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ በር መግባትና መውጣት ግድ ስለሚሆንበት፣ ትናንት አጥሩ ይሸፍነው የነበረውን ጉድለት ሁሉ ዛሬ በሥልጠና መሙላት ይኖርበታል።

በሰንሰለት ያደገ ውሻ ሳይሠለጥን ቀርቷል ማለት ግን ስሕተት ነው። ባለቤቱ ጠዋት «ና!» ብሎ ጠርቶ ሲያስረው፣ ውሻው ቃሉን በሚገባ ተምሮታል፤ የተማረው ግን «ና» ማለት የነጻነት ማብቂያ መሆኑን ነው። ስለዚህ ሲጠራ ከግቢው ጥግ ሆኖ ጭራውን እየቆላ አልመጣም ቢል፣ ልበ ደንዳና ሳይሆን ጥሩ ተማሪ ነው። ይህን ለማረም ቀላሉ መንገድ በቀን ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት «ና» ብሎ መጥራት፣ ሲመጣ አጉርሶ መልቀቅ፣ ለማሰር ሲፈለግ ደግሞ ሳይጠሩ ራስ ወደ እርሱ መሄድ ነው።

ጉርሻው ሽንብራ ያህል ቢሆን ይበቃል። ከልኳንዳ የተገዛ ሳንባ ያለ ቅመም ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞና በትንንሹ ተከትፎ በኪስ ሲያዝ ለብዙ ልምምድ ይበቃል። በወጥ የራሰ ፍርፋሪ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉና። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስፈልገው ፍጥነቱ ነው፦ ውሻው ተቀምጦ ከተነሣ በኋላ የደረሰ ጉርሻ የሚያጠናክረው መነሣቱን ነው። እጅ ከኪስ እስኪወጣ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ድርጊቱ በተፈጸመበት ቅጽበት አጭር ምልክት ይሰጣል። በሌላው ዓለም ሲጫን «ቀጭ» የሚል ክሊከር የተባለ ትንሽ መሣሪያ ለዚህ የተለመደ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን «ጎሽ!» ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ከተባለና ጉርሻ ከተከተለው ያው ነው። ስልቱ ለውሻ ብቻም አይደለም፤ በአዲስ አበባው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአክታ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት የሚለዩት የአፖፖ ድርጅት ግዙፍ አይጦችም የሠለጠኑት በዚሁ በድምፅና በምግብ ነው።

የአካል ብቃቱም በዚያችው ጉርሻ ይገነባል። ታስሮ የኖረ ውሻ ጡንቻው የላላ ስለሆነ በአጭር የእግር ጉዞ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማርዘም፣ ከዚያም ከዑራኤል ወደ ካዛንቺስ እንዳለው ዓይነት ዳገት በዝግታ ማስወጣት ይበጃል። ቀስ ብሎ ተቀምጦ መነሣት የኋላ እግርን፣ ወደ ኋላ መራመድ ደግሞ ሚዛንን ያጠነክራል፤ አጥንቱ ያልጸና ቡችላ ግን ደጋግሞ እንዲዘል መደረግ የለበትም። የጎድን አጥንቱ ጎልቶ ሳይታይ በመዳፍ ሲዳሰስ የሚቆጠር ከሆነ ክብደቱ ጥሩ ነው፤ ለሥልጠና የተሰጠውም ከዕለት ቀለቡ ይቀነሳል። ቀትር ላይ አስፋልቱ የእጅን ጀርባ ለሰባት ሰከንድ ማሳረፍ የማያስችል ከሆነ መዳፉን ያቃጥላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከግቢ የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በየጊዜው መውሰድ አለበት።

አስቸጋሪው ልምምድ ማለዳ፣ ሰው ወደ እስጢፋኖስና ወደ ዑራኤል አብያተ ክርስቲያናት ለኪዳንና ለቅዳሴ ሲሄድ የሚደረገው ነው፤ ውሻ እንዳይነካው የሚጠነቀቀው ምእመን ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባልና። ነጠላ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲታይ ማሰሪያውን ሳያከርሩ ውሻውን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ ማስቀመጥ፣ ሰውየው እስኪያልፍም «ጎሽ» እያሉ አንድ በአንድ ማጉረስ ያስፈልጋል። ይህ በትዕግሥት ሲደጋገም ውሻው ነጩን ነጠላ ገና ከሩቅ እንዳየ ማንም ሳያዘው ዳር ይዞ ይቀመጥና ቀና ብሎ የባለቤቱን ኪስ ያያል።