ደሞዝ ይዞ ወይስ ትቶ? የደራሲ እንጀራ በመርካቶ ሂሳብ

መርካቶ መጽሐፍን በሦስት ዋጋ ይሸጣል። አዲሱ ጀርባው ላይ በታተመው ዋጋ፣ አሮጌው በክርክር፣ ፈላጊ ያጣው ደግሞ ቆራሌው ሰብስቦ ሲያመጣው በኪሎ። ለደራሲው የሚተርፈው ከመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ያውም ከፊሉ።

ቀድሞ አራተኛ ዋጋም ነበር፤ ኪራይ። በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ አንባቢ መያዣ አስይዞ፣ በቀን ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ ልብ ወለድ ይከራይ ነበር። አንዱ ቅጂ ገጹ እስኪሳሳ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አከራዩ በየቀኑ ይለቅማል፤ ደራሲው የአንድ ቅጂ ዋጋውን ከወሰደ በኋላ ሌላ አያይም። አንባቢ ሞልቶ ገዢ ያነሰበት ገበያ ነበር።

ለመሆኑ ዛሬ ጽሑፍን ሥራዬ ብሎ የሚነሳ ወጣት ምን በልቶ ይጽፋል? ሂሳቡ በነጋዴ ስሌት ቢሠራ እንዲህ ይወጣል። 1 ሺህ ቅጂ በራሱ ገንዘብ አሳተመ እንበል። ማተሚያ ቤቱ ለአንዱ 180 ብር ቢያስከፍለው 180 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው። መሸጫው 400 ብር ሆኖ አከፋፋይና ሻጭ ከመቶው 30 ቢወስዱ፣ ለደራሲው ከአንድ ቅጂ 280 ብር ይገባል። 643ኛው ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ የሚገባው ገንዘብ ያወጣውን የሚመልስ እንጂ ትርፍ አይደለም። ሁሉም ቢያልቅለት ወደ 100 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ሽያጩ ሁለት ዓመት ከፈጀ ግን በወር ሲመታ 4 ሺህ 166 ብር ነው። የጻፈበት ጊዜ አልተቆጠረም።

ደግሞም ገንዘቡ እጅ በእጅ አይገባም። መደብሩ መጽሐፉን በአደራ ይቀበላል፣ ሲሸጥ ይከፍላል፣ ያልተሸጠውን ይመልሳል። ዕቃውን ከሰጠ በኋላ የገዛ ገንዘቡን የሚለማመጥ ነጋዴ ቢፈለግ ደራሲ ነው።

የቀደሙት ደራስያን ይህ ጣጣ ብዙም አልነካቸውም፤ እንጀራቸው ከሌላ ቤት ይመጣ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን የመጀመሪያ የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነጋድራስ ነበሩ። ስሙ እንደሚናገረው ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ ነው። መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ1958 ዓ.ም. "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያወጡት ሀዲስ አለማየሁም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። መጽሐፉ ባይሸጥ ጾም የሚያድር ከመካከላቸው አልነበረም።

ያን መንገድ የተወው አቤ ጉበኛ ነው። ጎጃም አቸፈር ተወልዶ፣ ቅኔ ተምሮ፣ አዲስ አበባ የመንግሥት ሥራ ያዘ፤ ኋላም ሥራውን ለቆ በብዕሩ ገቢ ለመኖር ቆረጠ። ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በላይ በላዩ ጻፈ። በዚህ አኗኗር ያለው አማራጭም ይኸው ነው፤ አንዱ ሲቆም ሌላው እንዲተካ ማብዛት። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. የወጣው "አልወለድም" ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ። ሌላ ነጋዴ ዕቃው ቢወረስበት ሌላ ዕቃ ያመጣል፤ ደራሲ ከነዕቃው ይወረሳል። አቤ በ1972 ዓ.ም. አረፈ።

ታዲያ ደሞዝ ይዞ መጻፍ ይሻላል? በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና አዘጋጅ ሆኖ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ከፍተኛ ባለሥልጣንነት ደርሷል። ልብ ወለዶቹንም የጻፈው ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን ነው። በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ" በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ወጥቶ ወዲያው ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የታገደው መጽሐፍ በስውር ሲቸበቸብ ደራሲው አልነበረም። ደሞዝ ከፋዩ፣ አሳታሚውና ሳንሱሩ አንድ ጌታ ሲሆኑ እንዲህ ነው።

ዛሬ እነዚያ ሦስቱ ተለያይተዋል፤ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ጀማሪው በማስተማር፣ በጋዜጠኝነት፣ በትርጉም፣ በድራማ ጽሑፍ ወይም በዘፈን ግጥም ይደጎማል። የዘፈን ግጥም ቶሎ ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፣ ዘፈኑ ሃያ ዓመት ቢዘፈንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ያንን መብት በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ ከመሸጥ በፊት ውሉን ማንበብ አይከፋም። እንደ "ዴርቶጋዳ" ደጋግሞ የሚታተም መጽሐፍም አይጠፋም፤ ሎተሪም እኮ ለአንዳንድ ሰው ይወጣል።

ለማተሚያው የሚሆነውን ገንዘብ ባንክ በረቂቅ ጽሑፍ ዋስትና አያበድርም። የመርካቶ ሰው ሱቅ የሚከፍትበት ዕቁብ ግን አለ። ዕቁቡ መጻፍና መነገድን አይለይም። ዳኛው የሚጠይቀው መዋጮ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ እንዲገባ፣ ዕጣው የወጣለትም ዋስ እንዲያመጣ ነው። የወር ደሞዝ ላለው ጸሐፊ የሥራ ባልደረባው ዋስ ይሆነዋል። ደሞዙን የለቀቀው ግን ዕጣው ቢወጣለት እንኳ ገንዘቡን ሳይቀበል ዋስ ፍለጋ ይወጣል።