ከዛፉ ቅጠል የሚቀድሙ አበቦች

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት የገዙ ወገኖቻችን፣ ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ኦክ ወይም ሜፕል ካለ፣ ከሥሩ ያለውን መሬት «ጥላ ነው፣ ምንም አይበቅልበትም» ብለው ይተዉታል። በሐምሌ ላየው ሰው እውነት ነው። በየካቲት ግን ቅርንጫፉ ሁሉ ራቁቱን ስለሆነ ፀሐይ ያለ ከልካይ መሬት ድረስ ትወርዳለች። ኦክ በደንብ ቅጠል የሚለብሰው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ስኖውድሮፕ፣ ሲላና ቀድሞ የሚያብበው ዳፎዲል ይህችን ክፍተት ጠብቀው ያብባሉ። ስኖውድሮፕማ ዱሮውንም የአውሮፓ ጫካ ተወላጅ ነው፤ በረዶ ሰንጥቆ ይወጣል፣ ዛፉ ሲለብስ እሱ የዓመት ሥራውን ጨርሶ ከመሬት በታች ይተኛል።

አተካከሉ ቀላል ነው፦ በጥቅምት፣ ውሃ በማይተኛበት አፈር፣ የአበባውን ሽንኩርት (በእንግሊዝኛ bulb የሚባለውን) ቁመት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ጥልቀት፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ።

ጥፋቱ የሚመጣው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ የዳፎዲሉን ቅጠል ጎንጉነው በላስቲክ ሲያስሩ ደረስኩና «እማማ፣ ኧረ ይፍቱት!» አልኳቸው። «ተዝረክርኮ ያስጠላል እኮ ልጄ፣ እንግዳ ይመጣብኛል» አሉኝ። እንግዳውስ ይምጣ። ያ የተዝረከረከ ቅጠል ግን ፀሐይ እየጠጣ ለሽንኩርቱ ስንቅ እየቋጠረ ነው። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚሠራው በዚያ ስንቅ ነው፤ ያውም ከወራት በፊት። በጥቅምት አንድ የዳፎዲል ሽንኩርት በቢላ ለሁለት ሰንጥቁ፤ የፀደዩ አበባ እዚያው መሃል ላይ በጥቃቅኑ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ የመጣው ሽንኩርት አበባውን ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያውን ዓመት ጨለማ ጥግ ቢተከልም ያብባል። ምስጋናው ለእናንተ ሳይሆን ምናልባት ለኔዘርላንድ ገበሬ ነው። ክረምት ከበጋ ቅጠሉ በማይረግፍ ጥድ ሥር ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ የተከለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ያያል፣ ቀጥሎ እሱም ይሳሳል። ከዚያ «ሻጩ አታለለኝ» ይባላል! ቅጠሉ ራሱ ቢጫ እስኪሆን፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ አትቁረጡት፣ አትሰሩት፣ የሣር ማጨጃም አታስጠጉበት።

ቱሊፕን ለዚህ ቦታ አልመክርም። ፀሐይ ይወዳል፣ ለአጋዘንና ለሽኮኮም ግብዣ ነው። ዳፎዲልን ግን መርዝ ስላለው አይነኩትም። በዚያው ልክ ሰውንም ይመርዛል፤ የወጥ ሽንኩርት መስሏቸው በልተው የታመሙ ሰዎች አሉና ወጥ ቤት ከሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት።

በመስከረም፣ አገር ቤት አደይ ስትፈነዳ፣ ሽንኩርቶቹ እዚህ ሱቅ ይገባሉ፤ ሻንጣ ውስጥ ከትተው ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚወስዱም አሉ። ቱሊፕና ዳፎዲል ግን በወጉ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ይፈልጋሉ። የአዲስ አበባ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ያሞቀዋል። ስለዚህ ሽንኩርቱ ከመተከሉ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ «ምግብ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት፣ ከፖምም ይራቅ፤ ፖም ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ሽንኩርቱ ውስጥ ያለውን አበባ ያበላሸዋል።