ውጋት ወይስ ጭንቅ? የአንጃይናን ሕመም ስለ መለየት

በአማርኛችን «ልብ» የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። ማስተዋሉም፣ ድፍረቱም፣ ኀዘኑም ለልብ ይሰጣል። ይህ ሀብት ግን ሐኪም ፊት ስንቀርብ እንቅፋት ይሆንብናል፤ «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ደረቱን፣ ጨጓራውን ወይም ሐሳቡን ሊያመለክት ይችላልና። «የልብ ድካም»ም እንዲሁ ነው። በሕክምና አነጋገር ልብ ደም የመርጨት ኃይሉ መዳከሙን ይገልጻል፤ በተለምዶ ግን ደም ድንገት ተቋርጦበት የልብ ጡንቻ የሚሞትበትንም አደጋ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው።

እዚህ የምንመለከተው አደጋው ከመድረሱ በፊት ሊያስጠነቅቅ የሚችለውን አንጃይናን ነው። የልብ ጡንቻ ደም የሚያገኘው ከአኦርታ ሥር በሚነሡት የቀኝና የግራ ኮሮናሪ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። በግድግዳቸው ውስጥ ስብ እየተጋገረ ሲጠቡ፣ ለተቀመጠ ሰው የሚበቃው ደም ደረጃ ለሚወጣ ሰው አይበቃም። ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ጉድለት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 ይህን ሕመም በለንደን ለሐኪሞች ኮሌጅ ሲገልጽ በእጁ የነበረው የበሽተኞቹ ቃል ነበር፤ ሲራመዱ፣ በተለይም ዳገት ሲወጡ፣ ደረታቸው ይያዛል፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። የሰጠውም ስም ከማነቅና ከማፈን የመጣ ነው። በእኛ አስተያየት የአማርኛው «ጭንቅ» ለዚህ ስም እጅግ ይቀርባል፤ የአካልንም የመንፈስንም መጥበብ በአንድነት ይይዛልና። «ውጋት» ሌላ ነው። በጣት ጫፍ የሚጠቆም፣ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ሲተነፍሱ የሚብስ ሕመም ከኮሮናሪ የመምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው። የአንጃይና በሽተኛ ግን ብዙውን ጊዜ መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ መካከል ያሳርፋል፤ «ሸክም ተጫነኝ»፣ «ጨምድዶ ያዘኝ» ይላል፤ ሕመም ነው ወይ ሲባል «አይ፣ ሕመም እንኳ አይደለም» ሊል ይችላል። ስሜቱ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሲያርፍም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል።

በስደት አገር ችግሩ እዚህ ላይ ይከፋል። አስተርጓሚው «ጭንቅ»ን የመንፈስ መረበሽ ብሎ ካቀረበው ምርመራው መንገዱን ይስታል። (እንግሊዞችም ቢሆኑ ቃርን «የልብ ቃጠሎ» ስለሚሉት መደናገሩ የእኛ ብቻ አይደለም።) በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ደግሞ የትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ጎልቶ ሊታይ፣ የደረቱም ሕመም ጨርሶ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ያለውን የደረት ሕመም «ከተለመደው የወጣ» ማለት እንዲቀር የመከረው፣ ስያሜው ሕመሙ ከልብ አይደለም የሚል ስሕተት ስለሚያስከትል ነው።

መሣሪያዎቹ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። በዕረፍት ሰዓት የተነሣ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ደኅና መሆኑ በሽታው የለም አያሰኝም፤ ጉድለቱ የሚታየው ልብ ሲሠራ ነውና። ስለሆነም በሽተኛው በመሮጫ መሣሪያ ላይ እየተራመደ ይመረመራል፤ ወይም ቧንቧዎቹ በሲቲ ይነሣሉ። ሜሰን ሶንስ እ.ኤ.አ. በ1958 በክሊቭላንድ የጀመረው፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ኮሮናሪዎቹን በኤክስሬይ የማንሣት ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ጭንቁ በዕረፍት ላይ ሳለ ከመጣ፣ ከቀድሞው ከበረታ ወይም አርፈውም ካልለቀቀ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ መኪና ነድቶ መሄድም አይገባም፤ አምቡላንስ መጥራት ነው። በሆስፒታል ኤሌክትሮካርዲዮግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊነሣ ይገባል፤ የጡንቻውን ጉዳት የሚያሳየው ትሮፖኒንም በደም ይለካል። የመጀመሪያው ልኬት ደኅና ቢሆን እንኳ ከሰዓታት በኋላ ሊደገም ይችላልና፣ በሽተኛው «ነጻ ነኝ» ብሎ ለመሄድ አይቸኩል። ለሐኪሙ የሚነግረውም የበሽታውን ስም ሳይሆን ምን ሲሠራ እንደ ያዘው፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየና ምን እንዳስለቀቀው ይሁን።