ለሥራ የጠነከረ፤ ለመያዝም ያማረ የኪስ ሰንጢ ስለ መምረጥ

በገጠር ሥራ ላይ ለሚውል ሰው፤ ሹምም ቢሆን ባለ እርሻም ቢሆን፤ ከኪሱ ሊለዩ ከማይገባቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ሰንጢ ነው። የመሬት መለኪያውን ገመድ ለመቁረጥ፤ የተሰፋውን ጆንያ ለመፍታት፤ የበቅሎውን ጠፍር ለማስተካከል፤ የችግኙን ጫፍ ለመግረዝ፤ እርሳስ ለመቅረጽ፤ ለዚህ ሁሉ ይፈለጋል። ያው ሰንጢ ደግሞ በማግሥቱ ከባለቤቱ ጋራ ወደ ሸንጎና ወደ ግብዣ ይገባል፤ ቁርጥ ሲቀርብም ከኪስ ይወጣ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጠባይ ያስፈልገዋል፤ በሥራ ጊዜ የማይሰበር፤ በሰው ፊትም ሲወጣ ባለቤቱን የማያሳፍር ሊሆን ይገባል።

ብዙ ገዢዎች ግን ከሁለቱ መንገድ በአንዱ ይስታሉ። አንዳንዱ ጥንካሬ ማለት ክብደት ይመስለውና ኪስ የሚቀድ ግዙፍ ሰንጢ ይገዛል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሰልችቶት በመሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ቤት የቀረ ሰንጢም ምንም ቢጠነክር እንደሌለ ይቆጠራል። ሌላው ደግሞ እጀታው በቀንድና በናስ ያጌጠውን አይቶ ይማረካል፤ ማጠፊያው ላልቶ ስለቱ በጣቱ ላይ በታጠፈ ጊዜ ግን ጌጡ አያድነውም። የሰንጢ ጥንካሬ የሚገኘው ከማጠፊያው፤ ከመቆለፊያውና ከስለቱ ነው። ማማሩም የሚገኘው ትርፍ የሆነውን በማስቀረት ነው እንጂ ጌጥ በመጨመር አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ገዢ ጥንካሬና ውበት የማይጣሉ መሆናቸውን ይረዳል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነው የስዊስ አገር የወታደር ሰንጢ ታሪክ ነው። ካርል ኤልስነር የሚባል ሰንጢ ሠሪ በ1884 ዓመት፤ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ኢባኽ በምትባል መንደር የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1891ም ለአገሩ ጦር ሠራዊት የመጀመሪያዎቹን የወታደር ሰንጢዎች አስረከበ። ያ ሰንጢ ስለት፤ ወስፌ፤ የቆርቆሮ መክፈቻና የብሎን መፍቻ ነበረው። ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ነበር። ኤልስነርም መኰንኖች የሚይዙት ቀለል ያለና መልከ ቀና ሰንጢ ለመሥራት አስቦ በ1897 አዲስ ዓይነት አወጣ። በዚህኛው ላይ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መክፈቻ ተጨመሩበት፤ መሣሪያው ስድስት ሆነ፤ ሰንጢው ግን ቀለለ እንጂ አልከበደም። ዘዴውም ሁለት ሞላዎች ብቻ በሁለት ወገን እየሠሩ ስድስቱንም መሣሪያ እንዲይዙ ማድረጉ ነበር። ይህ ሰንጢ በሠራዊቱ የትጥቅ መዝገብ ባይገባም መኰንኖቹ በገዛ ገንዘባቸው እየገዙ ያዙት። እንግዲህ አንድ ሞላ የሁለትን ሥራ እንዲሠራ በማድረግ ጥንካሬው ሳይጓደል ሸክሙ ሊቀነስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው ምሳሌ በፈረንሳይ አገር፤ ሳቯ በምትባለው ተራራማ ምድር የተገኘው የኦፒኔል ሰንጢ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ አንጥረኛ ልጅ ነበር፤ ሰንጢውንም በ1890 ለአካባቢው ገበሬዎች ሠራ፤ በ1897ም ከ1 ቁጥር እስከ 12 ቁጥር በመጠን እያበላለጠ አወጣው። የዚህ ሰንጢ አሠራር እጅግ ቀላል ነው፤ አንድ ስለት፤ አንድ ችንካር፤ አንድ የእንጨት እጀታና አንድ የብረት ቀለበት ብቻ አለው። በ1955 ማርሴል ኦፒኔል የሚሽከረከር ሌላ ቀለበት ጨመረበት፤ ቀለበቱም ሲዞር የተከፈተውን ስለት እንዳይታጠፍ ያግደዋል። 8 ቁጥር የሚባለው ስለቱ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ክብደቱ ከ60 ግራም በታች ነው። ጉድለቱም እጀታው በውሃ ሲርስ ስለሚያብጥ ስለቱን ለመክፈት ማስቸገሩ ነው፤ ስለዚህ በዝናብና በጭቃ ለሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ በአሜሪካ አገር በ1964 የወጣው 110 ቁጥር የሚባለው የባክ ሰንጢ ነው። ስለቱ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ መቆለፊያው በጀርባው በኩል የሚያርፍ ጠንካራ ብረት ነው፤ ጫፍና ጫፉ ናስ ነው። ይህ ሰንጢ ለአዳኝና ለሥጋ በላች የታመነ ሆኗል፤ ክብደቱ ግን 200 ግራም ያህል ስለሆነ በኪስ ሳይሆን በቀበቶ ላይ በቆዳ አፎት ነው የሚያዘው። ፋብሪካው ራሱ ኋላ ናሱን አስቀርቶ እጀታውን በቀላል ነገር የሠራበትን ዓይነት አወጣ፤ ክብደቱም ከ100 ግራም በታች ሆነ። ከዚህም የምንረዳው ከክብደቱ እኩሌታ የሚበልጠው ከመቁረጥ ሥራ ጋራ ያልተገናኘ መሆኑን ነው።

በዘመናችን ከፍ ባለ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደው ክሪስ ሪቭ የሠራው ሰበንዛ የሚባለው አለ። ስሙ በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። እጀታው ቲታንየም ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ማዕድን ተሠርቶ፤ ከእጀታው የተሰነጠቀው አንዱ ጎን ራሱ እንደ ሞላ ወደ ውስጥ እየገባ ስለቱን ይቆልፋል። መልኩ ብዙ ጌጥ የሌለው ግራጫ ነው፤ የሚደነቅበትም የመጋጠሚያው ትክክለኛነት ነው። ዋጋው ግን ለብዙ ሰው የሚቀመስ አይደለም፤ ለዕለት ሥራም ያን ያህል ማውጣት ግዴታ አይሆንም።

እንግዲህ ሰንጢ ለመግዛት የሚወጣ ሰው የሚመረምረው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ማጠፊያው። ሰንጢው ተከፍቶ ስለቱ በሁለት ጣት ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ መወዛወዝ የለበትም። በአዲስነቱ የሚወዛወዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ይበልጥ ይላላል። ችንካሩ ተቀጥቅጦ የተዘጋ ከሆነ የሚጠብቀው አንጥረኛ ነው፤ ብሎን ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ ሊያጠብቀው ይችላል።

ሁለተኛ፤ መቆለፊያው። ሦስት ዓይነት ሰንጢ በገበያ ይገኛል፤ በሞላ ኃይል ብቻ የሚቆም፤ በቀለበት የሚታገድ፤ እንዲሁም በጀርባ ወይም በጎን ብረት የሚቆለፍ። በሞላ ብቻ የሚቆመው ለእርሳስ፤ ለፍራፍሬና ለገመድ ይበቃል፤ ነገር ግን በጫፉ የሚወጋ ወይም ደረቅ ጠፍር የሚቆርጥ ሰው የሚቆለፈውን ቢይዝ ለጣቱ ይሻለዋል። ሲፈተንም ጣቶች ከስለቱ መንገድ ፈጽመው ርቀው፤ የስለቱ ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ ተብሎ ይጫናል፤ መቆለፊያው ከተንሸራተተ ዕቃው አይገዛም።

ሦስተኛ፤ ስለቱ። ለኪስ ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስለት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ጀርባው እጅግ የወፈረ ስለት ጠንካራ ቢመስልም እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቃል እንጂ አጥርቶ አይቆርጥም፤ ከጀርባው ወደ አፉ እየሳሳ የሚሄደው የተሻለ ነው። ስለ ብረቱም ሁለት ዓይነት አለ። ካርቦን የበዛበት ተራ አረብ ብረት በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን በሎሚ፤ በላብና በእርጥበት ይጠቁራል፤ ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ክሮምየም የሚባል ማዕድን በብዛት የተቀላቀለበት ነው፤ ለቆላና ለዝናባማ አገር ይመረጣል፤ ለመሳል ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ትዕግሥት ይፈልጋል። የማይዝግ ማለትም ከቶ አይዝግም ማለት አይደለም፤ ርሶ ከተቀመጠ እርሱም ነጠብጣብ ያወጣል።

አራተኛ፤ እጀታው። ሰንጢው በእጅ ሲጨበጥ የሚቆረቁር ጠርዝ ሊኖረው አይገባም፤ በእርጥብ እጅም መንሸራተት የለበትም። ቀንድና እንጨት ያምራሉ፤ በፀሐይና በውሃ ግን ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ሸካራ ሆኖ የተሠራ አሉሚንየም ቀላል፤ ለመታጠብም የተመቸ ነው።

አምስተኛ፤ ክብደቱና አያያዙ። ከ60 እስከ 120 ግራም የሚሆነው ከኪስ ሳይከብድ ሥራውን ይሠራል። ሲታጠፍ የስለቱ ጫፍ ከእጀታው ውጭ የወጣ እንደሆነ ልብስም እጅም ያቆስላል፤ እንዲህ ያለው ዋጋው ቢረክስም አይጠቅምም።

ስለ ስምም ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ላጊዮል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ መልኩ እጅግ ያማረ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ የከብት እረኞች በሆድ መነፋት የተያዘውን ከብት ይወጉበት ነበር የሚባልለት ወስፌ አለበት። ነገር ግን ላጊዮል የአገርና የቅርጽ ስም ሆኖ ብዙ ሠሪዎች በየቦታው ሲጠቀሙበት የኖሩ ስለሆነ በስሙ ብቻ ታምኖ መግዛት አይገባም፤ ማጠፊያው መፈተን አለበት። የተነፋውን ከብት መውጋትም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው እንጂ ሰንጢ በእጁ የተገኘ ሁሉ የሚሞክረው አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእርሻ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ብርቱ ነገር አለ። እርሱም ሰንጢ በሽታን ከማሳ ወደ ማሳ ሊያደርስ መቻሉ ነው። እንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በባክቴርያ የሚመጣ መሆኑ በ1968 በጥናት የተገለጸ ሲሆን፤ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመውን ተክል የቆረጠ ያልጸዳ ብረት ነው። ይኸው በሽታ በ2001 በኡጋንዳ በሙዝ ላይ ታይቶ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በሽታው የገባበት እንሰት ጠውልጎ ይሞታል፤ ለብዙ ዓመት የተጠበቀ የቤተ ሰብ ምግብም ይጠፋል። እንግዲህ አንድ ሹም የአንዱን ገበሬ እንሰት በሰንጢው ቆርጦ አይቶ፤ ያንኑ ሰንጢ ሳያጸዳ በጎረቤቱ ማሳ ቢጠቀምበት፤ ለመርዳት የመጣው ሰው ጥፋትን ይዞ ገባ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የታመመ ተክል ለመቁረጥ የሚታጠፍ ሰንጢ አይመረጥም፤ የተክሉ ውሃ በማጠፊያው ውስጥ ይደበቃልና። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ተይዞ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት ማጋል ወይም በበረኪና መንከር ይገባል። የኪስ ሰንጢን በእሳት ማጋል ግን ብረቱ የጠጣውን ውሃ አጥፍቶ አፉን ያለሰልሰዋል። ምናልባት በግድ በሰንጢ የተቆረጠ እንደሆነ፤ ተከፍቶ ስለቱም ማጠፊያውም በበረኪና ይጸዳል፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ደርቆም ዘይት ይነካል። እንግዲህ ውስጡ በቀላሉ የሚታይና የሚታጠብ ሰንጢ መምረጥ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ እርሻም ጥቅም ነው። በተክልና በእንስሳ ላይ የዋለ ሰንጢም ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም።

አያያዙም አስቸጋሪ አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ ከኪስ የገባበትን አቧራ መጥረግ፤ በማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ፤ አፉ ሳይዶለዱም ቀድሞ በጥሩ ድንጋይ ሁለቱንም ጎን እኩል መሳል ይበቃል። የዶለዶመ ሰንጢ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ እጅ ያቆስላል። በሰንጢ ችንካር መንቀል፤ ሣጥን መፈልቀቅ፤ በመዶሻ እየመቱ እንጨት መፍለጥ አይገባም፤ ምንም ቢጠነክር የሚታጠፍ ዕቃ ድካሙ በማጠፊያው ላይ ነውና። ለቅርንጫፍ ገጀራ አለ፤ ለከባድ ሥራም የአገራችን ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዋ አለ። በአውሮፕላን የሚሄድም ሰንጢውን ከእጁ ሻንጣ አውጥቶ በሚጫነው ዕቃ ውስጥ ያድርገው፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄድም የዚያን አገር ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሰንጢ በብዛት የሚገዛ ሹም፤ አስቀድሞ ከየዓይነቱ አንድ አንድ አስመጥቶ በሥራ ላይ ለሚውል ሰው ለአንድ ወር ይስጥ። ያ ሰው ሰንጢውን ከኪሱ ሳይለይ ከከረመ፤ ማጠፊያው ካልላላ፤ አፉም በአገር ድንጋይ ከተሳለ፤ የቀረው ይገዛ። መልኩን ነጋዴው ያወድሰዋል፤ ጥንካሬውን ግን የሚመሰክረው የሠራተኛው እጅ ነው።